ታቹንስ አንኳኩተኸዋል?

ነገሩ የሆነው ፍኖተ ሰላም ነው። ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ ሁለተኛው ወለል ላይ ደርሷል፤ ባለቤቱ ግን ሥራው አላማራቸውምና እኛን የአርማታ መርማሪዎቹን ከባሕር ዳር አስጠሩን። እኔ ሽሚት ሀመሬን ይዤ ወረድሁ።

ለማያውቀው፣ ሽሚት ሀመር ስፕሪንግ ያለው፣ ክንድ የማያህል ዘንግ ነው። አርማታው ላይ ሲጫኑት ውስጡ ያለው መዶሻ ይመታና ይነጥራል፤ ምን ያህል እንደነጠረ በቁጥር ያሳያል። ጠጣር ከሆነ ብዙ ይነጥራል። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ኧርንስት ሽሚት የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ የፈጠረው ነው። ዛሬም ከእጃችን ያልወጣው ቀላል ስለሆነ ነው። ችግሩ፣ የሚነግርህ ስለ ቆዳው ነው፤ ቢበዛ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም መጥቶልኝ መልሼዋለሁ።

ከምድር ቤቱ ኮለኖች፣ ማለትም ምሰሶዎች፣ ጀመርሁ። በሞረድ አለሰለስሁ፣ አንድ ቦታ ላይ አሥር አሥር ጊዜ መታሁ፣ 38፣ 39፣ 37 እያለ መጣ። አሪፍ ነው። ሁሉንም የለካሁት ደረቴ በሚደርስበት ከፍታ ነው፤ ለምን ቢባል መጎንበስ ሰልችቶኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የሳይቱ ዘበኛ፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩኝ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ ታቹንስ አንኳኩተኸዋል?»

«አባባ፣ ያው አንድ ኮለን እኮ ነው።»

«ጋን ስትገዛ አፉን ብቻ አንኳኩተህ ብር ትሰጣለህ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የፎርማኑን መዶሻ አንስተው ቁጢጥ አሉና አንዱን ኮለን ከላይ ወደ ታች ይመቱ ጀመር። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ድፍ አለ። የተሰነጠቀ ጋን ድምፅ! ሳቄ ጠፋ።

በማግስቱ አልትራሳውንዱን አስመጣሁ። ሁለቱን መላኪያና መቀበያ ግሪስ ቀብተህ ግራና ቀኝ ትለጥፋለህ፣ ድምፁ የሚሻገርበትን ጊዜ ትለካለህ። ኮለኑ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ደረት ላይ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር፤ ደህና አርማታ ነው። እግሩ ላይ 148። ድምፅ አየር አይወድም፤ ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ይዘገያል።

አስፈለጥነው። ላዩ አራት ሴንቲ ያህል ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ የማር እንጀራ! ጠጠሩ ተነባብሮ ተቀምጧል፣ ሲሚንቶ የለበትም፣ ጣቴን አስገብቼ ፌሮውን፣ በአርማታው ውስጥ ያለውን ብረት፣ ነካሁት። የታችኛው ፌሮ ከላይኛው የሚደራረበው እዚያው ላይ ነው፤ ብረቱ በእጥፍ ይታጨቃል፣ አርማታው ከላይ ሲወረወር ጠጠሩ ቀድሞ ይወርዳል፣ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተርም እስከዚያ አልደረሰም። የሲሚንቶው ውኃ ደግሞ አርማታው በሚፈስበት ቅርጽ፣ በፎርምወርኩ ሥር ሾልኳል። ፎርማኑ አየና ዝም አለ፤ ምን ይበል?

ከአሥራ ስድስቱ ኮለኖች ሦስቱ እንደዚያው ሆነው ተገኙ። ቢሙን በባሕር ዛፍ አስደግፈን፣ የላላውን ጠርበን አውጥተን፣ ሲደርቅ በማይኮማተር ግራውት፣ ማለትም በቀጭን የሲሚንቶ ሙሌት፣ ሞላናቸው። ሪፖርቱን ስጽፍ የመጀመሪያ ቀን ቁጥሮቼንም አልደበቅሁም፤ አለቃዬ አንብቦ «ወገብህን ያምሃል እንዴ?» አለኝ።

አባባን ልሰናበት ስሄድ ሽሚቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ዋጋውን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ትንሽ ቆዩና «በሉ እንግዲህ፣ ለባለቤቱ ንገሩልኝ፤ የእኔንም ደሞዝ ያስቡበት» አሉ።