ብቻዬን በሞተር ወደ ባድላንድስ

ሱ ፎልስ የምንኖር ሀበሾች የደቡብ ዳኮታን ምዕራብ የምናውቀው በአንድ መንገድ ነው። ከሌላ ስቴት እንግዳ ሲመጣ መኪና ውስጥ እንጭነዋለን። ራሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹትን አራት ፕሬዚዳንቶች እናሳየዋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። መሃል ላይ ያለው ያ ሁሉ የሣር ሜዳ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ልጆቹ ይተኛሉ፣ ሾፌሩ ቡናውን ይጠጣል። እኔ ግን የፈለግኩት ሣሩን ነበር። ሣሩ ውስጥ ያሉትን እንስሳትም። በሞተር፣ ብቻዬን፣ ቀስ ብዬ፣ ባድላንድስ እስከሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ድረስ።

ቤተክርስቲያን የሚያውቁኝ አንዲት እናት ሲሰሙ ደነገጡ። «ብቻሽን? በሞተር? ምን ጎደለብሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አውሬ ለማየት ነው እትዬ።»

«እሱማ ይባስ!» ብለው አማተቡ።

የሄድኩት በሴፕቴምበር ነው። ወሩን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ኦገስት ላይ ስተርጂስ ከተማ ከ1938 ጀምሮ የሚካሄደው ትልቁ የሞተር ነጂዎች ስብሰባ አለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ስለሚመጣ ማደሪያውም ነዳጅ ማደያውም ይጨናነቃል። ሁለተኛው ምክንያት ባይሰኖቹ፣ ጎሽ መሳይ የአሜሪካ የዱር ከብቶች ናቸው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት ኮርማዎቹ ላም የሚፈልጉበት ጊዜ ነው። ያኔ ጠባያቸው አይቀመስም። በሴፕቴምበር ረገብ ይላሉ። ሦስተኛው ምክንያት የግሌ ነው። መስከረም 1ን ከቤት ውጭ ማሳለፍ ፈልጌ ነበር። መንገዱ ዳር የዱር ሱፍ በቢጫ አብቦ ጠበቀኝ። አደይ አበባ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለናፍቆት ግን ይበቃል።

የምነዳው ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ነው። ትልቅ ሞተር አያስፈልግም። እንዲያውም ጭቃ ውስጥ ከወደቀ ብቻዬን ላነሳው የማልችለውን ሞተር ይዤ ባልሄድ ይሻለኛል። ከመነሳቴ በፊት ካቴናውን አጠበቅኩ፣ የፍሬን ሸራ አየሁ፣ የጎማ መጠገኛና ትንሽ የንፋስ መሙያ ያዝኩ። ከባዱን ዕቃ፣ በተለይ ውሃውን፣ ዝቅ አድርጌ ወደ መሃል አስጠግቼ ጫንኩ። ከላይ የተቆለለ ጭነት ነፋስ ውስጥ ጠላት ነው። ስንቄ በሶ፣ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ ነበር። አይበላሽም፣ ምድጃ አይፈልግም፣ ቦታ አይዝም። የካምፕ ዕቃ ሱቆች በውድ የሚሸጡትን የታሸገ ደረቅ ምግብ ሳይ የእኛ ሰው ይህን ችግር ድሮ እንደፈታው ይሰማኛል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ዕቃ አይደለም። ቀኑን ግማሽ ባዶ አድርጌ ማቀዴ ነው። ባድላንድስ ከደረስኩ በኋላ በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ላለመንዳት ወሰንኩ። አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ምንም ሳልጽፍበት ተውኩት። ለምን እንደጠቀመኝ ወደ ታች ታያላችሁ።

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ነፋሱ ነው። አይ-90 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ማይል ነው፤ 129 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቻምበርሌን ላይ ሚዙሪ ወንዝን ከተሻገራችሁ በኋላ ዛፍ እየሳሳ ይሄዳል፣ ነፋሱን የሚያስቆም ነገር የለም። የዚያን ቀን ነፋሱ ከደቡብ፣ ማለትም ከግራዬ ነበር። ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ወደ ግራ ማዘንበል አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መሪውን አንቆ ይይዛል። ያ ነገሩን ያባብሰዋል፣ የሰውነታችሁ መንቀጥቀጥ ሁሉ ወደ መሪው ይተላለፋል። ጉልበቴን ታንኩ ላይ አጣብቄ፣ ክንዴን አላልቼ፣ ወደ 65 ማይል ወረድኩ። ትልቅ የጭነት መኪና በግራ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መኪናው ነፋሱን ለቅጽበት ይጋርደዋል። ወደ ግራ ያዘነበለው ሞተር ያኔ ወደ መኪናው ይሄዳል። መኪናው አልፎ ሲጨርስ ነፋሱ ተመልሶ ባንዴ ይመታል። ስለዚህ በመስታወት መኪና ሳይ የመስመሬን መሃል ይዤ፣ ዘንበል ማለቴን ቀነስ አድርጌ እጠብቃለሁ።

ነፋስ ቤንዚንም ይበላል። ታንኬ 20 ሊትር ይይዛል፣ ግን ግማሽ ሲደርስ እሞላለሁ። እዚያ አካባቢ ማደያ የሚገኘው ካዶካ፣ ኢንቲሪየርና ዎል ነው። ዎል ከገባችሁ አይቀር ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ዎል ድረግ የሚባለው መደብር አለ። ለመንገደኛ የበረዶ ውሃ በነጻ ሲሰጥ ነው ስሙ የወጣው። ግርግሩ ለእኔ በዛብኝ፣ ውሃዬን ቀድቼ ወጣሁ።

ባድላንድስ ሲደርሱ ሜዳው ድንገት ያልቃል። እግራችሁ ሥር መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ቀይና ግራጫ መስመር የተሰመረበት ገደል ይሆናል። ቦታው በ1939 ጥብቅ ሥፍራ፣ በ1978 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ስፋቱ ወደ 98,000 ሄክታር ነው። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ በዓመት ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸረሸራል። የአስፋልቱ መንገድ፣ ሀይዌይ 240፣ በጣም ያምራል፤ ጠመዝማዛውም ለሞተር የተሠራ ነው የሚመስለው። ፒናክልስ በሚባለው በኩል ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው አየሁ። ጠፍተው የነበሩ ናቸው፣ በ1964 ነው መልሰው ያመጧቸው።

እኔ የመጣሁት ግን ለጠጠር መንገዱ ነው። ሴጅ ክሪክ ሪም ሮድ ይባላል። እዚያ ያለው የድንኳን ቦታ በነጻ ነው፣ ግን የሚጠጣ ውሃ የለም። ባይሰኖች ድንኳኑ መሃል ያልፋሉ። በመኪና የመጣ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ያያቸዋል። እኛ መስኮት የለንም። ልዩነቱ ይህ ነው።

አንድ ኮርማ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፣ በሰዓት እስከ 55 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የፓርኩ ደንብ ቢያንስ 91 ሜትር ራቁ ይላል። መንገዱን ሲዘጉትስ? መታጠፊያውን እንደጨረስኩ መንጋው መንገዱ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ሩቅ ቆምኩ። ሞተሩን መጀመሪያ ወደ መጣሁበት አዞርኩት፣ ከዚያ ማርሹን ፎሌ (ባዶ) ላይ አድርጌ ወደኋላ እያየሁ ጠበቅኩ። ክላክስ አልነካሁም። ጋዝም ከፍ አላደረግኩም፣ የማርሜታ (የጭስ ማውጫ) ጩኸት ያስቆጣቸዋል። ጭራቸውን ነው ያየሁት። ወደ ታች ተንጠልጥሎ ዝንብ ሲያባርር ሰላም ነው። ቀጥ ብሎ ከተነሳ መሄድ ነው።

ብዙ ከቆየሁ በኋላ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች በፒክአፕ መጡ። ሰውየው መስኮቱን አወረዱ። «በቀኜ በኩል ተጠግተሽ ነጂ፣ እኔ ግድግዳ እሆንሻለሁ» አሉኝ። መንጋው ተነስቶ ወደ ግራ እስኪጠራቀም ጠበቅንና እንደዚያ አለፍን። ቀስ ብለን፣ በአንደኛ ማርሽ። የአንዱን ኮርማ አተነፋፈስ በሄልሜቴ ውስጥ እሰማ ነበር። ለሞተረኛ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መኪና እስኪመጣ መጠበቅ፣ ከዚያ መጠየቅ። በመሃላቸው እየተሽሎከለኩ የሚያልፉ አሉ ይባላል። ጎበዝ አልላቸውም።

እነዚህ እንስሳት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከብዙ ሚሊዮን ተርፈው ከሺህ በታች ቀርተው ነበር። ወደዚህ ፓርክ የተመለሱት በ1963 ነው። ይህን እያወቁ መንገድ ሲዘጉባችሁ መናደድ ይከብዳል።

ሌሊቱን ዘነበ። የዚያ አገር አፈር ውስጥ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አለ። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሊጥ ይሆናል። ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ጫማዬ በየእርምጃው ይወፍር ጀመር። ሞተር ላይ ይህ ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ገብቶ ጎማውን ጭራሽ ያስረዋል። ያችን ባዶ የተውኳትን ቀን እዚህ ተጠቀምኩባት። በሶዬን በጠበጥኩ፣ ቡና አፈላሁ፣ ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋም ነፋሱም ሲበረቱ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ደረቀ። ሆቴል አስይዤ፣ ሰዓት ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ጭቃው ውስጥ እገባ ነበር።

ያ መጠበቅ ደግሞ ፕሬሪ ዶጎቹን አሳየኝ። አይጥ መሳይ፣ ወፍራም፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። አንዱ በሁለት እግሩ ቆሞ ይጮሃል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወሬው ሜዳውን ያዳርሳል። ቆንጆ ናቸው ብላችሁ እንዳትጠጉ። ቁንጫቸው የቸነፈር በሽታ ሊይዝ ይችላል። በሌሊት የሚያድናቸው ጥቁር እግር ያለው ፌሬት የሚባል ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ከምድር ጠፋ ተብሎ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ የተገኘ፣ በ1994 ደግሞ ወደ ባድላንድስ የተመለሰ እንስሳ ነው። እኔ አላየሁትም። እባብም አለ፣ ራትልስኔክ፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ሳላራግፍ እግሬን አላስገባም ነበር።

ሰው አውሬ ሲባል ባይሰኑን ይፈራል። ለሞተረኛ የባሰው ግን አጋዘን ነው። ሲመሽና ሲነጋጋ ከሣሩ ውስጥ ዘሎ መንገድ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ካለፈ ሁለተኛው ይከተላል። ስለዚህ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ሞተሬ ቆሟል። ይህን ደንብ አንድም ቀን አልሻርኩም። ድንገት ከመጣ ደግሞ መሪ ከመጠምዘዝ ቀጥ ብሎ ሁለቱንም ፍሬን መያዝ ይሻላል። ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ መሳይ እንስሳ ግን ሌላ ነው። በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ከአጥሩ ማዶ ከእኔ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ሰልችቶት ታጠፈ።

ከዚያ ከስተር ስቴት ፓርክ ሄድኩ። 18 ማይል የሚሆነው የዱር እንስሳት መንገድ ላይ አህዮች መኪና አስቁመው ምግብ ይለምናሉ። ድሮ ሰው ወደ ብላክ ኤልክ ተራራ ጫፍ ይጭኑ የነበሩ አህዮች ዘሮች ናቸው። አንዷ ጭንቅላቷን ሻንጣዬ ውስጥ ከትታ ዳቦ ቆሎዬን አገኘችው። አጠገቤ ያሉ ቱሪስቶች ፎቶ ለማንሳት ተጋፉ። እኔ ካደግኩበት አገር የመጣ ሰው አህያ ለማየት የፓርክ መግቢያ ሲከፍል እማዬ ብታይ ምን ትል ይሆን?

ስልክን በተመለከተ፦ ፓርኩ ውስጥ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። በሳተላይት መልእክት የሚልክ ጋርሚን ኢንሪች ይዤ ነበር። ማታ ማታ ለእህቴ ያለሁበትን እልካለሁ። እስከ ጠዋት ካልደረሳት ለማን እንደምትደውል ጽፌላታለሁ። ሄልሜትም ነገር አለ። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ለአዋቂ ሰው ሕጉ ሄልሜት አያስገድድም፣ የዓይን መከላከያ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሕጉ የራሱ ጉዳይ፤ እኔ ከነሄልሜቴ ነኝ።

ጭቃውን ቤት እስክትደርሱ አታቆዩት። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ራዲያተሩን ይዘጋል፣ ሞተሩም ይሞቃል። ራፒድ ሲቲ መኪና ማጠቢያ ገብቼ በቀስታ ውሃ አስለቀቅኩት፣ ካቴናውን አደረቅኩ፣ ዘይት ቀባሁ። ከዚያ ነው ወደ ምሥራቅ የዞርኩት፣ ነፋሱም በዚህ ጊዜ ከኋላዬ ነበር።