ሊሊያን ጊሽ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም

አሜሪካዊቷን የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ሊሊያን ጊሽን የማያውቅ ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። እዚህ ደሴ ደግሞ የሚያውቃት ብዙም አላገኘሁም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ 1893 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ጥሏቸው ሄደ። እናቷ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ለእንጀራ ብላ ቲያትር ገባች፣ ልጆቹም ገና በልጅነታቸው መድረክ ላይ ወጡ። በ1912 ሊሊያንና ታናሽ እህቷ ዶሮቲ ኒውዮርክ ውስጥ ወደነበረው ባዮግራፍ የተባለ የፊልም ስቱዲዮ ሄዱ፤ የልጅነት ጓደኛቸው እዚያ ትሠራ ነበር፣ ስሟንም ቀይራ ሜሪ ፒክፎርድ ተብላለች። ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ አያቸውና ወዲያው ሊፈትናቸው ፈለገ። ማን ማን እንደሆነች መለየት ስላቃተው ፀጉራቸው ላይ ቀለሙ የተለያየ ሪባን አስሮ በቀለሙ ይጠራቸው ጀመር። ከዚያ ፍርሃታቸውን ለማየት ሽጉጥ ወደ ላይ እየተኮሰ ክፍሉን አዞራቸው። በዚያው ዓመት ፊልም ጀመሩ።

ድምፅ አልባ ፊልም ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሲሮጥ ሲወድቅ የሚያስቅ ሰውዬ ነው። እሷ ሌላ ናት። በ1919 በወጣው «ብሮክን ብሎሰምስ» አባቷ የሚደበድባት ልጅ ሆና ትጫወታለች። ፈገግ በይ ይላታል። ከየት ታምጣው? ሁለት ጣቶቿን ከንፈሯ ዳርና ዳር ላይ ታደርግና ወደ ላይ ትገፋዋለች። አፏ ይስቃል፣ ዓይኗ ግን እዚያው ፍርሃቱ ውስጥ ነው። ይህን ያሰበችው ራሷ ነች። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ትወና አላየሁም።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። የውጭ ፊልም ስናይ «ምን አለችው? ምን አላት?» እያለች እኔም እየተረጎምኩ ግማሹ ያመልጠናል። አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ እያለ የ1920ውን «ዌይ ዳውን ኢስት» በላፕቶፕ ከፈትኩላት። ሙስሊም ጎረቤታችንም አብራን ነበረች፤ በእኛ ሰፈር ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። ታሪኩ ቀላል ነው። አና የምትባል ድሃ የገጠር ልጅ አንድ ሀብታም በውሸት ሰርግ ያታልላታል፣ ስታረግዝ ይጥላታል። ተከራይታ በገባችበት ክፍል ትወልዳለች። ሕፃኑ ይታመማል። ሳይጠመቅ እንዳይሞት ትፈራለች። ካህን የላትም፣ ዘመድ የላትም። ሳህን ላይ ውሃ ታደርግና ራሷ ታጠምቀዋለች።

እዚህ ጋ እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። በእኛ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት፤ ሕፃን ካጣጣረ ግን ቀኑ አይጠበቅም፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ቄስ ይሮጣል። እናቴ ይህን በደንብ ታውቃለች። የሊሊያን ከንፈር ሲንቀሳቀስ እኔ ምንም ሳልተረጉም «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ» ብላ ጨረሰችላት። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ንግግሩ በጽሑፍ ነው የሚመጣው፤ በእውነትም የሚቀጥለው ጽሑፍ ያንኑ ነበር የሚለው። ጎረቤታችን ደግሞ ስክሪኑን እያየች «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» ትላታለች። ከመቶ ዓመት በፊት ለተቀረጸች ሴት! ድምፅ አልባ ፊልም ጊዜው አልፎበታል የሚሉኝ ሰዎች ያን ዕለት እኛ ቤት ቢሆኑ እንዴት ደስ ባለኝ።

በዚህ ፊልም ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ በረዶው ነው። አና ከቤት ተባርራ ወንዝ ላይ ትወድቅና በረዶው ተሰነጣጥቆ ይዟት ይሄዳል። ቬርሞንት ውስጥ በእውነተኛ በረዶ ነው የተቀረጸው። እጇና ፀጉሯ ውሃው ውስጥ ይጎተቱ ያለችውም እሷ ነች፣ በዚህም የጣቶቿ ጉዳት ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም። የደላንታን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ትንሽ ይገምተዋል። እኔ ግን ጥምቀቷን አስበልጣለሁ። በረዶው ጀግንነት ነው፣ ጥምቀቷ ግን ትወና ነው።

አንድ የማልሸፋፍነው ነገር አለ። በ1915 «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ላይ ሠርታለች። ጥቁሮችን የሚያዋርድ፣ ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ዘረኛ የነጮች ቡድን ጀግና የሚያደርግ ፊልም ነው። እሷም ለግሪፊዝ ዕድሜዋን ሁሉ ጥብቅና እንደቆመች ኖረች። በ2019 ኦሃዮ ያለ ቦውሊንግ ግሪን ስቴት የተባለ ዩኒቨርሲቲ የእህትማማቾቹን ስም ከቲያትር ቤቱ ያነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ልክ አድርጓል እላለሁ። ስሟ ግድግዳ ላይ ባይኖርም ትወናዋ የትም አይሄድም፤ እኔም ያን ፊልም ለእናቴ አላሳያትም።

ድምፅ ሲመጣ ጠፋች የሚሉም አሉ። አልጠፋችም። በ1928 «ዘ ዊንድ»ን ሠራች፣ ሞሃቪ በረሃ ውስጥ፣ የአውሮፕላን ማራገቢያ አሸዋ እየረጨባት። ታሪኩን ለስቱዲዮው ያመጣችው ራሷ ነበረች። ፊልሙ ሲወጣ ግን ሰው ወሬው ሁሉ ስለሚናገር ፊልም ሆኖ ነበር። ወደ ቲያትር ተመለሰች፤ በ1936 የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ባሉበት ብሮድዌይ፣ በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ኦፊሊያን ሆና ተጫወተች። በ1971 የክብር ኦስካር ሰጧት። የመጨረሻ ፊልሟ በ1987 ወጣ፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗት። ከ1912 ቆጥራችሁ ድረሱበት፤ ሰባ አምስት ዓመት ነው። ሳታገባ፣ ሳትወልድ በ1993 በ99 ዓመቷ አረፈች። አለመውለዷን ስነግራት እናቴ አላመነችኝም፣ «ያልወለደች እንዲህ ታለቅሳለች?» አለች።

አሁን እህቷን አሳየኝ እያለችኝ ነው። በ1921 ሁለቱ አብረው የሠሩት «ኦርፋንስ ኦፍ ዘ ስቶርም» አለ፣ ዶሮቲ ዓይነ ስውር ሆና ሊሊያን ፓሪስ ውስጥ የምትፈልግበት። መብራት ካልጠፋ በሚቀጥለው እሁድ እሱን እናያለን፤ ጎረቤታችንም ትመጣለች።