ለደጋ መካኒክ የማይጣሉ የድሮ መሣሪያዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ያለው ሰው ዛሬ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር አያጣም። ስካነር ግን የሚናገረው ሴንሰሩ የነገረውን ብቻ ነው። የተቃጠለ ቫልቭ፣ የታፈነ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ዝጎ የተጣበቀ ብሎን የራሳቸው ኮድ የላቸውም። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፤ መኪናም ሁልጊዜ ጋራዥ በር ላይ አይቆምም፣ ጣርማበር ዳገት ላይም ይቆማል። አሮጌ የሆነ ሁሉ ይቀመጥ ማለቴ ግን አይደለም። መንጋጋው ላልቶ የዳዶ ጥርብ የሚበላ ፓፓጋሎ ጉጠት ለቧንቧ ሠራተኛ ቢሰጥ ይሻላል።

መጀመሪያ የማነሳው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን የመሳብ ኃይል የሚለካውን ቫኩም ጌጅን ነው። ብዙ ወጣት መካኒክ አይቶት አያውቅም፤ ያየውም ንባቡን አያምነውም። አለማመኑ ደግሞ እዚህ አገር ምክንያት አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የቤንዚን ሞተር ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ፣ ከአየር መክፈቻው በኋላ ካሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱን ነቅላችሁ ጌጁን እዚያ ትሰካላችሁ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ይዙር፣ ከዚያ መርፌውን አንብቡ። መጻሕፍቱ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች ያሳያል ይላሉ። ይህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ በ1 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 9 ኢንች ይቀነሳል፤ እዚህ ከ8 እስከ 12 የሚያሳይ ሞተር ደህና ነው። ያው መኪና 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ማንም ሳይነካው ከ13 እስከ 17 ያሳያል። ይህን ያላወቀ መካኒክ 10 ያነበበ ኮሮላ ይዞ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ይልና ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ፣ ያወርዳል፤ ባለመኪናውም ላልተበላሸ ነገር ይከፍላል።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የመርፌውን እንቅስቃሴ ተከታተሉ። ሳይንቀጠቀጥ ዝቅ ብሎ የቆመ መርፌ ማኒፎልዱ አየር እየሳበ ነው ወይም ማቀጣጠያው ዘግይቷል ይላል። በእኩል ጊዜ ልዩነት ጠቅ፣ ጠቅ እያለ የሚወርድ ከሆነ አንድ ቫልቭ በትክክል አይዘጋም። ነዳጁን በድንገት ሰጥታችሁ ስትለቁ መርፌው መጀመሪያ ወደ 0 ይወርዳል፣ ከዚያ ከሚኒሞው ንባብ አልፎ ዘሎ ይመለሳል፤ ካልዘለለ ፋሻውን ጠርጥሩ። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ይዛችሁት ንባቡ ቀስ እያለ እየሟሸሸ ከሄደ ማርሚታው ታፍኗል። ናፍጣ ሞተር ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ናፍጣ በተለምዶ አየሩን የሚያንቅ በር ስለሌለው ማኒፎልዱ ውስጥ የሚለካ ቫኩም የለም። የፍሬን ሰርቮውን የሚያግዘው የቫኩም ፓምፕ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ግን ጌጁ ያገለግላል።

ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካው የኮምፕሬሽን ጌጅም ያው ጣጣ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 71 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መመሪያው 170 ፒኤስአይ ቢል እዚህ 120 አካባቢ ስታነቡ አትደንግጡ። ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አነጻጽሩ፤ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ የወረደ ካለ እሱ ነው የታመመው። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ ነዳጅና ማቀጣጠያውን አቋርጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ በማስነሻው ሞተሪኖ አዙሩ። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር በበቂ ስለማይገባ ሁሉም ሲሊንደር የሞተ ይመስላል፤ ደካማ ባትሪም እንዲሁ ያሳስታል። በወረደው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ)።

ከፍታውን ካነሳን ተርሞስታት ሳይነሳ አይታለፍም። ድስት ውስጥ አፍልቶ መፈተሽ የቆየ ዘዴ ነው፣ ትክክልም ነው፤ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። 82 የሚል የተጻፈበት ተርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት 95 አካባቢ ነው። ስለዚህ ውኃው ቢንተከተክም ተርሞስታቱ ግማሽ ላይ ቢቆም አያስገርምም፤ «አይከፍትም» ተብሎ የተጣለው ብዙው ምናልባት ደህና ነበር። ውኃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ፤ የመፍያው ነጥብ ወደ 97 ይጠጋል። የመስታወት ቴርሞሜትር አስገቡ፣ ተርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥሉት እንጂ የድስቱን ታች አይንካ፤ ታቹ ከውኃው ይበልጥ ይግላል። ድስቱ ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለስ፤ ኩላንት መርዝ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። በመዶሻ የሚመታው ካቻቪቴ፣ ኢምፓክት ድራይቨር የሚባለው፣ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ሥራ የሚበዛበት ጋራዥ ሊያጣው አይገባም። ሆዱ ውስጥ ስፕሪንግና ጥምዝ መንገድ አለ፤ አናቱን ስትመቱት ጫፉ ወደ ታች እየተጫነ በዚያው ቅጽበት ጥቂት ይዞራል። ሚስጥሩ መጫኑ ላይ ነው፤ ተራ ካቻቪቴ ጭንቅላቱን የሚበላው ሲዞር ወደ ላይ ስለሚንሸራተት ነው። አያያዙ ግን ይታወቅ። አቅጣጫውን ወደ መፍቻ አድርጉ፣ ጫፉን ብሎኑ ላይ አስቀምጡ፣ አካሉን በእጃችሁ ወደ ግራ ጠምዝዛችሁ ያዙት፤ ውጥረቱ ሳይላላ አንድ ኪሎ በሚጠጋ መዶሻ በቀጥታ ምቱ። በ300 ግራም መዶሻ ሃያ ጊዜ ከመጠቅጠቅ በከባድ መዶሻ ሁለቴ መምታት ይሻላል። ትንንሹ ምት ብሎኑን አያዞረውም፣ ጭንቅላቱን ብቻ ያደነድነዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጃፓን መኪናና ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ባለመስቀል ብሎን ከተለመደው ፊሊፕስ ጋር አንድ አይደለም፤ ጄአይኤስ የሚባል የራሱ ልክ አለው። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ስላለ ከዚያ ይለያል። የፊሊፕስ ጫፍ እዚህ መስቀል ውስጥ እስከ ታች አይገባም፣ ሹሉ ቀድሞ ወለሉን ይነካና ጎኖቹ በአየር ላይ ይቀራሉ። የጄአይኤስ ጫፍ ካልተገኘ የፊሊፕሱን ሹል በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ ላይ ትንሽ፣ ግማሽ ሚሊ ያህል፣ ቁረጡት፤ ስታስገቡት ካልተነቃነቀ ይበቃል። ሌላው፦ አሉሚኒየም ሽፋን እየዘለለ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አትምቱ፣ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ እንጨት ይደገፍ። በኒኬል የሚያብረቀርቀውን ተራ የመፍቻ ቡሽ ከዚህ መሣሪያ ጋር አትጠቀሙ፤ ለምት የተሠራው ጥቁሩ ነው። መነጽርም አድርጉ።

ሌላው የፍሬን ማንኪያ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ የጎበጠ ብረት። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት ለሚያውቅ የኋላ ፍሬን ጨዋታ አይደለም። ታምቡር ያለው መኪና ላይ ሸራው ሲበላ ኮከብ በሚባለው ባለጥርስ ማስተካከያ ይስተካከላል፤ ኮከቡን በካቻቪቴ የሚያዞር ሰው ጥርሱን ይበላዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ታምቡሩን በግድ ለማውለቅ ይገደዳል። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፣ የኋላውን በክሪክ አንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ከጀርባው ያለውን የላስቲክ መድፈኛ አውጥታችሁ ማንኪያውን አስገቡና ጎማው በእጅ አልዞርም እስኪል ኮከቡን አጥብቁ። ከዚያ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ርገጡ፤ ሸራዎቹ መሐል ይይዛሉ። አሁን ጎማው ቀለል ባለ ፍትጊያ ብቻ እስኪዞር ድረስ መልሳችሁ አላሉ። ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ ስታላሉ ኮከቡን የያዘችውን ትንሽ ምላስ በቀጭን ካቻቪቴ ገፋ አድርጋችሁ ያዙ፣ አለዚያ ኮከቡ አይመለስም።

ዋናው ስህተት ጊዜው ላይ ነው። ከቁልቁለት ወርዶ የቆመ መኪና ታምቡሩ ግሎ ሰፍቷል። በዚያ ሰዓት ካጠበቃችሁት፣ ሲቀዘቅዝ ታምቡሩ ይጠባል፣ ሸራውም ተጣብቆ መኪናው ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ወይም እየታሸ ሄዶ እንደገና ይግላል። እጅ ማስቀመጥ እስኪቻል ጠብቁ። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ይቸኩል። የአየር ፍሬን ያላቸው ትልልቅ መኪኖች ላይ ግን ይህ ማንኪያ አያገለግልም፤ የእነሱ ማስተካከያ ሌላ ነው።

ማንኪያውን ገበያ ላይ ካጣችሁት ከአሮጌ ባሌስትራ ቁራጭ አንጥረኛ ይሠራዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት የሚሠራ ነገር ሞልቷል፤ እዚያ ስትገዙ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ሞረዱ ጫፉን በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ኮከቡ ላይ ይጎብጣል። አንጥረኛው ቀይ አድርጎ ከቀጠቀጠው በኋላ የሚያቀዘቅዘው በዘይት ይሁን፤ የባሌስትራ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር ይሰነጠቃል። ዘይት ውስጥ ገብቶ ብቻ ከተተወ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ስለዚህ ጫፉን አጽድቶ ቀለሙ ሰማያዊ እስኪሆን ቀስ ብሎ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል።

የቀሩትን በአጭሩ። የጥርስ ሞረድ፣ አራት ጎን ያለው፣ ጫፍና ጫፉ በድምሩ ስምንት ዓይነት ጥርስ የሚይዝ፣ የተጎዳ የጎማ ብሎን ጥርስ ለማዳን ከዳይ (ጥርስ ማውጫ) ይሻላል፤ ዳይ ብረት ይቆርጣል፣ ይህ ግን የተጨፈለቀውን ብቻ ያነሳል። ብዙ ቶዮታ ላይ የጎማ ብሎኑ 12 በ1.5 (ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ) ስለሆነ የ1.5ቱን ጎን ያዙ። ለማዳመጫ ረጅም ካቻቪቴ በቂ ነው፦ ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ላይ፤ ያለቀ ኩሽኔታ ያጉረመርማል፣ የደህናው ድምፅ ለስላሳና ወጥ ነው። ብርዱ ቢጠናም ጋቢና ፎጣ ትከሻ ላይ ጥሎ ወደሚዞር ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ጎንበስ ማለት ግን የለም።

የባትሪ አሲድ መለኪያ፣ ያ ላስቲክ ራስ ያለው መስታወት፣ ክዳኑ ለሚከፈት ባትሪ ከቮልት መለኪያ የበለጠ ይናገራል፤ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻ ስለሚያሳይ። የአሲዱ ክብደት ከውኃ ጋር ሲነጻጸር 1.265 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 1.190 ግማሽ ገደማ፣ 1.120 ባዶ። በአንዱና በሌላው ክፍል መካከል የ0.050 ልዩነት ካለ ባትሪው አይድንም። ውኃ ከተጨመረ በኋላ ባትሪው ቻርጅ ሳይደረግ አትለኩ፤ ውኃው ከላይ ስለሚቀር ንባቡ ያንሳል። ውርጭ ባለበት የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ነው፦ የቀዘቀዘ አሲድ ይወፍርና ባትሪውን ከእውነቱ የሞላ ያስመስላል። መለኪያው የተሠራው ለ27 ዲግሪ ከሆነ፣ ከዚያ በታች ለየ5.5 ዲግሪው 0.004 ቀንሱ። አሲዱ 5 ዲግሪ ሆኖ 1.240 ካነበባችሁ ትክክለኛው 1.224 ነው፤ ያ ባትሪ ቻርጅ ይፈልጋል።