«ጤዛ!» ያለው ጦረኛ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ቤት ጨዋታ አለ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል የምናብ ጀብዱ ጨዋታ ነው የምንጫወተው። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ፣ ነርስ ጓደኛዬና ከታች ፎቅ ያለው የሚኒባስ ሹፌር ጎረቤታችን ይጫወታሉ። ያለን አንድ ዳይስ (ቁጥር የተጻፈበት የሚጣል ጠጠር) ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛል። የገጸ ባሕሪው ጉልበትም እውቀትም ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፏል። እውቀቱ 10 ከሆነ ተራ ሰው ነው። 18 ከሆነ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ሲጣል 4 ይደመርለታል፤ 6 ከሆነ 2 ይቀነስበታል። የነርሷ አስማተኛ 18 ነው። የሹፌሩ ጦረኛ 6።

ጥቅምት ላይ አንድ የድንጋይ በር ፊት አቆምኳቸውና በሩ እንዲናገር አደረግኩ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!» አለ ሹፌሩ፣ ፊቱ በርቶ።

«ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።»

«ጤዛ!»

ቃሉን ሳልጨርስ ነው የመለሰው። እኔ ደግሞ ወዲያው «ቆይ ቆይ፣ ያንተ ሰውዬ ይሄን አያውቅም» አልኩት። «እሺ» ብሎ ዝም አለ። ወንድሜና ነርሷ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲያስቡ እሱ እርሳሱን ያገላብጥ ነበር።

ምንጃር ነው ያደገው። ጥቅምት ማለዳ ጥጃ ሲነዳ እግሩ እስከ ጉልበቱ ይርስ እንደነበር ነግሮኛል። በቀጣዩ ቅዳሜ «ሥራ አለብኝ» አለ። በሚቀጥለውም እንደዚያው።

ተጫዋቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕሪው እንደሚያውቅ አድርጎ መጠቀም ሜታጌሚንግ ይባላል። ብዙ የጨዋታ መሪዎች እንደ ማጭበርበር ያዩታል። እኔም እንደዚያ ነበር የማየው። የሁሉም ሰው ምሳሌ ትሮል የሚባለው ጭራቅ ነው። ትሮል ቁስሉ ቶሎ ቶሎ ይሽራል፤ እሳት ወይም አሲድ ካልነካው መልሶ ይነሳል። ተጫዋቹ ይሄን ያውቃል፤ ግን ገጸ ባሕሪው «አያውቅም» ተብሎ ሆን ብሎ በሰይፍ ሲደክም ይቆያል። ይሄ ለማንም አይጥምም። ደግሞስ ለምን አያውቅም? የእኛ ሰፈር ልጆች ስለ ጅብ መጽሐፍ አላነበቡም። ማታ ከተራራው ሲጮህ ይሰማሉ፤ በግ ውጭ እንደማያድር ያውቃሉ። ትሮል ባለበት አገር ያደገ ሰውም እሳት መያዝ አያቅተውም።

ፓዝፋይንደር የሚባለው ጨዋታ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትሙ ጥሩ መላ አለው። ገጸ ባሕሪው ስለ አንድ ነገር ለማስታወስ ሲሞክር ዳይሱን መሪው በስውር ይጥላል። ክፉኛ ከወደቀ ለተጫዋቹ የውሸት መረጃ ይነገረዋል። ስለዚህ የሰማው እውነት ይሁን ውሸት ራሱ ተጫዋቹም አያውቅም። ማስመሰል አያስፈልገውም። ይሄን በጣም እወደዋለሁ።

እንቆቅልሽ ግን በስውር ዳይስ አይፈታም። ሰውየው መልሱን ያውቀዋል፣ አለቀ።

መላው የመጣልኝ ከራሱ ከእንቆቅልሹ ነው። ልጆች ሆነን መልሱ ሲጠፋን ምን ነበር የምንባለው? «አገር ስጠኝ!» አገር ሰጥተን ነው መልሱን የምንሰማው። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፦ መልሱን የሚያውቅ ሰው ለጠረጴዛው ጮክ ብሎ ይናገር። ከዚያ ለበሩ የሚመልሰው ገጸ ባሕሪ ዳይስ ይጣልለት። 15 ከሞላ በሩ ይከፈታል። ካልሞላም ይከፈታል፤ ግን ከገጸ ባሕሪዎቹ አንዱ ከሚያውቀው አገር አንዱን ለበሩ ይሰጣል። የሰጠው ከወረቀቱ ይሰረዛል፤ ከትዝታውም ይጠፋል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሳይደርስ ወደ ሹፌሩ ቤት ወረድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ደንቡንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጤዛውን ግን ልክ ነበርኩ አይደል?» አለ።

ቅዳሜ መጣ። እዚያው በር ላይ ጀመርን። «ጤዛ» አለ፣ አሁን ረጋ ብሎ። ነርሷ ለአስማተኛዋ ዳይስ ጣለች። 3 ወጣ፤ ከ4 ጋር 7። ሁላችንም ዝም አልን። ሹፌሩ ላጲስ አነሳ።

«የኔ ሰውዬ ይስጥ» አለና የጦረኛውን የትውልድ መንደር ከወረቀቱ አጠፋው።

ከወር በኋላ ጉዟቸው በዚያው መንደር በኩል ሆነ። እኔ ስሙን አልጠራሁም። ወንዙንና ዋርካውን ብቻ ገለጽኩ፤ ሁሉም ገባቸው። የጦረኛው እናት እዚያ እንደምትኖር ሹፌሩ ራሱ ነው ከመጀመሪያው ቀን የጻፈው፤ ዓይኗ እንደጠፋም ጭምር። በር ላይ የተቀመጠች አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ለመንገደኞቹ ውሃ ሰጠች።

ሹፌሩ ትንሽ ቆየ። ነርሷ ስኒዋን እንደያዘች ታየዋለች።

«ይሄ አገር ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። እንደማያውቀው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ለማንኛዋም አሮጊት እንደሚባለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለና መንገዱን ቀጠለ።