እማዬ 7 ስትጫን ሳሎናችን ናይት ክለብ ሆነ

ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚለጠፈውን የኤልኢዲ መብራት የገዛሁት ለዓይኔ ብዬ ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ ኳስ ሳይ ዓይኔ ይደክማል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ በደመቀና በደበዘዘ ቁጥር የዓይናችን ብሌን ሲጠብና ሲሰፋ ያመሻል። ከጀርባው ለስለስ ያለ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ግን ልዩነቱ ይቀንሳል። የስክሪኑ ጥቁርም የበለጠ ጥቁር መስሎ ይታያል። ይህን አውቅ ነበር። ያላወቅኩት የሪሞቱን ጣጣ ነው።

መገናኛ ካለ ሱቅ 2 ሜትር መብራት ባለ 24 ቁልፍ ሪሞት ገዛሁ። ሪሞቷን ታውቋታላችሁ፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ባለቀለም ቁልፎች የተደረደሩባት። ለ43 ኢንች ቲቪዬ ሦስት ጎን በልክ በቃኝ። ቲቪው ዩኤስቢ ላይ ሰክቼ ነጭ አደረግኩት። አማረ።

እሁድ ጠዋት እማዬ ቅዳሴ በቀጥታ የሚያስተላልፈውን ቻናል ፍለጋ የሪሲቨሩን ሪሞት አነሳች። 3 ስትጫን ግድግዳው ቀላ። 7 ስትጫን መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቄሱ እያጠኑ ሳሎናችን ናይት ክለብ ሆነ። «አንተ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣህብን?» አለችኝ። ድምፅ ልጨምር ስትል ደግሞ መብራቱ ጭራሽ ጠፋ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። ባትሪን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ግን እኛ ቤት ሪሞት ካስቸገረ ጀርባውን መምታት፣ ባትሪውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ሕክምና ነው።

ነገሩን የፈታልኝ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው። አርዱይኖ የምትባለውን ትንሽ ቦርድና አንዲት የኢንፍራሬድ (ሪሞት የሚልከው የማይታይ ብርሃን) መቀበያ ይዞ መጣ። የሁለቱንም ሪሞቶች ቁልፍ በየተራ እየተጫነ የሚላከውን ኮድ ላፕቶፑ ላይ አሳየኝ። የሪሲቨሩ 3 እና የመብራቱ ቀይ ቁልፍ ቁርጥ አንድ ናቸው። «ጋሼ፣ መንታ ናቸው እኮ!» አለኝ እየሳቀ።

ብዙ ርካሽ ሪሞቶች ኤንኢሲ የሚባለውን አሠራር ይጠቀማሉ። በዓይን የማይታይ ብርሃን በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ እያርገበገቡ 32 ቢት (የዜሮና የአንድ ምልክት) መልእክት ይልካሉ። ግማሹ አድራሻ ነው፤ መልእክቱ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ይናገራል። ግማሹ ትዕዛዙ ነው። አድራሻቸው ከተለያየ አሥር ዕቃም አንድ ክፍል ውስጥ ተስማምቶ ይኖራል። ርካሽ ዕቃ ላይ ግን አድራሻው ዜሮ ሆኖ መተዉ የተለመደ ነው። ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ከያዘ ደብዳቤው ሁለቱም ጋ ይገባል። የቲቪዬ ሪሞት መብራቱን ንክች ያላደረገው አድራሻው ሌላ ስለሆነ ነው። የሶኒ ሪሞቶች ደግሞ ከነጭራሹ በሌላ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ 40 ሺህ ላይ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመብራቱን መቀበያ ዓይን በናስትሮ ሸፈንኩት። አንድ ዙር ጠቀለልኩ፤ አሁንም ይሰማል። ለዓይን ጥቁር የሆነ ፕላስቲክ ሁሉ ኢንፍራሬድን አይከለክልም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ደርቤ ስጠቀልልበት ዝም አለ። ተደሰትኩ። በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደስታዬ አለቀ። የኔ ኮንትሮለር (መብራቱን የሚያዘው ዕቃ) የተሞላለትን ቀለም አያስታውስም፤ ኃይል ባገኘ ቁጥር ቀይ ሆኖ ይነሳል። የራሱን ሪሞትም አሁን አይሰማም። ወረቀቱን ፈትቶ ነጭ ማድረግ፣ መልሶ መጠቅለል። መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ መረረኝና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ኮንትሮለር ገዛሁ። ይህ ብርሃን ስለማይጠቀም የሪሲቨሩን ሪሞት የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ከቲቪው ጀርባ ተደብቆም ይሠራል። ግጭቱ በዚህ ተፈታ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ሪሞት ልቆጣጠር ብሎ ዩኒቨርሳል ሪሞት ለሚጠቀም ሰው ይህ አይሆንም። ተራው ዩኒቨርሳል ሪሞት የሚልከው ኢንፍራሬድ ብቻ ነው።

ግጭቱ ሲወገድ ሌላው ጉድለት ታየኝ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተቀላቅለው የሚሰጡት ነጭ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ የተጫዋቾቹ ፊት የታመመ ይመስላል። የቪዲዮ ነጭ የሚለካው በ6500 ኬልቪን (የነጭ ብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው። ከጀርባ ያለው ብርሃንም ወደዚያ መጠጋት አለበት፤ ድምቀቱም ከስክሪኑ ከፍተኛ ብርሃን 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ይበቃል። (ግድግዳችሁ አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ የፈለጋችሁትን መብራት ግዙ፣ አረንጓዴ ነው የሚመልስላችሁ።)

ስለዚህ ባለቀለሙን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። እሱ ዲስኮውን ወዶታል። እኔ ነጭ ብቻ የሆነ፣ 6500 የተጻፈበት፣ ሪሞት የሌለው፣ ገመዱ ላይ ድምቀት የሚቀንስ ቁልፍ ያለው ገዛሁ። ዩኤስቢ ላይ ስለተሰካ ቲቪው ሲበራ ይበራል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። አንዳንድ ቲቪ ጠፍቶም ዩኤስቢው ኃይል ይሰጣል፤ በስልክ ቻርጀር ገመድ ሞክሩት። ዩኤስቢው ስንት አምፒር እንደሚሰጥም አጠገቡ የተጻፈውን እዩ። ብዙ ጊዜ ግማሽ አምፒር ነው፤ ረጅም መብራት አይሸከምም።

ባለሪሞቱን ካልገዛሁ የምትሉ ደግሞ የቤታችሁን ሪሞቶች በሙሉ፣ የሪሲቨሩንም ጭምር፣ ኪሳችሁ ከታችሁ ሱቅ ሂዱ። መብራቱን አስበሩና ፊት ለፊቱ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። ባለሱቁ ግራ ቢጋባም ግድ የላችሁም። ምንም ካልተቀየረ ሪሞታችሁ በትክክል መላኩን በስልክ የሰልፊ ካሜራ እዩ። ብዙ ስልክ ላይ ጫፉ ላይ ያለችው አምፖል ወይን ጠጅ መስላ ብልጭ ትላለች።

እማዬ አሁን በሰላም ቅዳሴዋን ታያለች። 7 ስትጫን ግን አሁንም ቀና ብላ ግድግዳውን ታያለች።