ቁፋሮ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው በጋ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ በኩል በሚገኘው ግቢያችን የመጸዳጃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ከአንድ በዕድሜ ከሚበልጡኝ ቆፋሪ ጋር በሜትር ሒሳብ ተስማማን። ሥራው ሲያልቅ የወጣው ዋልካ በራችን ላይ ተከምሮ ቀረ። «ጋሼ፣ አፈሩስ?» ብላቸው «የተዋዋልነው ቁፋሮ ነው፤ አፈር ማንሣት ሌላ ሥራ ነው» አሉኝ።

ቅር ቢለኝም ነገሩን ሳስበው እውነቱ የእርሳቸው ሆኖ አገኘሁት። የግንባታ ውሎችም መቆፈርን፣ አፈሩን ማጓጓዝንና መልሶ መሙላትን ለየብቻ ዋጋ ያወጡላቸዋል። ያሳሳተኝ ግሡ የሚይዘው ተሳቢ ይመስለኛል። «መሬት ቆፈረ» ስንል ተሳቢው ዶማው የሚያርፍበት ነገር ነው፤ «ጉድጓድ ቆፈረ» ስንል ግን ጉድጓዱ ከቁፋሮው በፊት ስላልነበረ ተሳቢው የድርጊቱ ውጤት ነው፤ «ድንች ቆፈረ» ስንል ደግሞ መሬቱን ትተን ከውስጡ የሚወጣውን እንጠራለን። እርሳቸው ጉድጓድ ቆፈሩ እንጂ አፈር አልቆፈሩልኝም።

የቆፈረ የቅርብ ዘመድ ማሰ ነው። በአማርኛው መዝሙረ ዳዊት፣ በ7ኛው መዝሙር፣ ክፉ ሰው ለሌላው ስለሚያዘጋጀው ጉድጓድ ሲነገር ሁለቱ ግሦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዛሬ በከተማ ንግግር ማሰ እየሳሳ ቢሄድም «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» በሚለው አባባል ውስጥ ቦታውን አልለቀቀም፤ የባህል መድኃኒት ፈላጊውን «ሥር ቆፋሪ» የሚለው ሰው አልገጠመኝም። ጎመን መደብ ላይ አፈር ማላላት ደግሞ መኮትኮት ነው። በየካ ተራራ ላይ ያለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈለፈለ ወይም ተወቀረ እንጂ ተቆፈረ ቢባል ለጆሮ ይጎረብጣል።

አናጺ እንጨት በመሰርሰሪያ ሲበሳ ሰረሰረ እንላለን፤ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጡትን የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ያወጣው መሣሪያ ግን በመሰርሰር ቢሠራም ሥራው ቁፋሮ ይባላል፣ ምክንያቱም የሚበሳው ምድር ነው። በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በመልካ ቁንጡሬ ተመራማሪዎች አፈሩን በብሩሽ ቀስ እያሉ ሲገልጡም ስሙ ያው ቁፋሮ ነው። የእጁ ጉልበት ሳይሆን የሚነካው ነገር ቃሉን የሚወስን ይመስላል።

ዋልካውን ባለጋሪዎች አነሡልኝ። በዚያኛው ውል ላይ ግን «ማንሣት» ብቻ ብዬ አላቆምሁም፤ «አንሥቶ፣ ወስዶ፣ በተፈቀደ ቦታ መድፋት» ብዬ ጻፍሁ።