የሆኖሉሉ የአበባ አቀባበል

ዛሬም የሃዋይ ዋና ከተማ ሆኖሉሉ ኤርፖርት ሌይ (የአበባ ጉንጉን) ይዘው እንግዳ የሚጠብቁ ነበሩ። ለወረደ ሁሉ የሚታደል የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። የአበባው ጉንጉን የሚጠልቀው ዘመድ ለሚጠብቀው ወይም ቀድሞ ከፍሎ ላስያዘ ነው።

ወደ 50 የፕሉሜሪያ አበባ በረጅም መርፌ መሃል መሃሉን እየተወጋ ክር ላይ ይሰካል። አንገት ላይ ብቻ አይንጠለጠልም፤ ትከሻ ላይ አርፎ ግማሹ በፊት፣ ግማሹ በጀርባ ይወርዳል። ሲሰጧችሁ እምቢ ማለትም ሆነ ሰጪው ፊት ማውለቅ ነውር ነው። እርጉዝ የሆናችሁ ጫፉ ያልተቋጠረውን ጠይቁ፤ የተዘጋው ለእርጉዝ አይሰጥም።

ፕሉሜሪያ ስስ ነው፣ ሲነካካ ይጠቁራል። ማታ በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ሲደርቅም እባካችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ ክሩን በጥሳችሁ አበባውን ለአፈር መልሱ።

ወደ ዋናው አሜሪካ ስትበሩ የእርሻ ፍተሻ አለ፤ የብርቱካንና የሎሚ ወገን ተክል አበባ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ክፍል ያለበት ሌይ አያልፍም።